ከፖስታው በፊት የተሰጠ መልስ

በዚያ መስከረም የጉዋሃቲ ከተማ ሙቀት ሰም ያለሰልስ ነበር። ቢተፖን ደግሞ ለምርመራ በሰም የታሸገውን የገዛ ሥጋውን ቅንጣት በሸሚዝ ኪሱ ይዞ ከጆርሃት በአውቶቡስ መጣ።

በካንሰር ሆስፒታሉ ቤተ ሙከራ ናሙና የምትቀበለውና የምትመረምረው ባለሙያ ጆናሊ ነበረች። የለሰለሰውን ሰም በመዳፏ አገላብጣ ቀና አለች።

«ይህን ከልብ አጠገብ ያስቀምጡት ማን ብሎዎት ነው?»

«ሌላ ኪስ የለኝም እኮ፣ እህቴ።»

«ታማሚው የት አሉ?»

«ፊትዎ ቆመዋል። ሲያዩዋቸው ግን ደህና ይመስላሉ።»

ሳቋን ለመደበቅ መዝገቡ ላይ አቀረቀረች።

ቢተፖን የታሪክ መምህር ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ታሙል የሚባለውን ከንፈር የሚያቀላ ፍሬ ሲያላምጥ ኖሮ፣ ያ ፍሬ ያመጣበትን ካንሰር ሐኪሞች ከምላሱ ጠርዝ ጋር ቆርጠው አወጡለት፤ በዓመቱ በሽታው በአንገቱ በኩል ተመለሰ። አሁን መታወቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ የዕጢው ሕዋሳት ከሰውነት ጠባቂዎች የሚሸሸጉበትን ፕሮቲን ለብሰዋል ወይስ አልለበሱም? ውጤቱ በመቶኛ ይነገራል፤ በብዛት ከለበሱት፣ ያንን ሽፋን የሚያከሽፍ አዲስ መድኃኒት አለ። ካልለበሱት የሚቀረው መንገድ አድካሚ ነው፤ ተስፋውም ጠባብ።

ናሙናው እንደገና መታሸግ ስላስፈለገው ቢተፖን ሦስት ሳምንት ተመላለሰ። ከቀጠሮው በኋላ እሱና ጆናሊ በብራህማፑትራ ወንዝ ዳርቻ አብረው ይሄዱ ጀመር። የተቆረጠ ምላሱ ቃላትን ዝግ ብሎ ነበር የሚያወጣቸው፤ እሷም መጠበቅን ተማረች። በሁለት ቃላቱ መካከል ያለው ዝምታ ከብዙ አንደበተ ርቱዓን ንግግር ይልቅ ይጥማት ነበር።

«ውጤቱ ሐሙስ ይወጣል አሉ» አላት አንድ ቀን። «መልካም ከሆነ እናቴን ሽማግሌ አድርጌ ወደ አባትሽ ቤት እልካታለሁ።»

«እርስዎ» ማለቱን መተዉን ልብ አለች።

«ካልሆነስ?»

«ወደ ጆርሃት እመለሳለሁ። ተማሪዎቼ ፈተና አለባቸው።»

«እኔን በመቶኛ ልትለካኝ ነው?»

«አንቺን ሳይሆን የምሰጥሽን ዕድሜ።»

«ያ ቁጥር መድኃኒት መምረጫ ነው፣ ቢተፖን። ከማን ጋር እንደምትኖር ምንም አያውቅም። እናትህ ረቡዕ ትምጣ።»

በማግሥቱ መዝገቡን ለአለቃዋ ለዶክተር ፉካን አስረከበች። «ይህን ናሙና እርስዎ ይመርምሩልኝ። እኔ ልነካው አይገባም።»

ዶክተሯ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «ለምን?»

«ረቡዕ ልታጭ ነው።»

«ውጤቱ ሳይታወቅ?»

«ሳይታወቅ።»

ረቡዕ የቢተፖን እናት ሄሞፕሮቫ ታሙል የሚቀርብበትን፣ እግር ያለውን የነሐስ ሳህን በጨርቅ ሸፍና መጣች። በአገራቸው ያለ ታሙል ልጃገረድ ለጋብቻ አትጠየቅም። የጆናሊ አባት ጨርቁ ሲገለጥ ያዩት ግን ሄልና ቅርንፉድ ብቻ ነበር። ፊታቸው ጠቆረ።

«ታሙሉስ?»

«ከቤቴ አውጥቼዋለሁ፣ ወንድሜ። የልጄን ምላስ በልቷል። የእርስዎን ልጅ በእሱ አልጠይቅም።»

የአባትየው ከንፈር በዚያችው ሰዓት በታሙል ቀልቶ ነበር። ጆናሊ እንዲተዉት ስትለምናቸው ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ ሁልጊዜም ስቀው ያልፏት ነበር። አሁን ግን ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ፤ አፋቸውን ሲጉመጠመጡ የውኃው ድምፅ ተሰማ። ተመልሰው ከሳህኑ ላይ አንድ ሄል አነሡ።

«እሺ፣ ስለ ልጆቹ እንነጋገር» አሉ።

ሐሙስ ቢተፖን በሆስፒታሉ ኮሪደር ፖስታውን ዘረጋላት።

«አንብቢልኝ።»

«አላነብም። የእኔ መልስ ትናንት ተሰጥቷል፤ ይሄኛው የአንተና የሐኪምህ ነው።»

ፖስታውን ከፈተ፤ ትከሻዋን ወደ ትከሻው አስጠጋች። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ።

«ስድሳ» አለ በመጨረሻ። «ከመቶ። ተማሪ እንዲህ ቢያመጣ አሳልፈዋለሁ።»

አዲሱ መድኃኒት ሰኞ እንዲጀመር ታዘዘ፤ በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጥ ነው። ቢተፖን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሳምንታቱን በጣቶቹ ቆጠረ። ለሠርጉ በሩዝ አጨዳው ወር፣ በአራተኛውና በአምስተኛው መድኃኒት መካከል፣ አንድ ዓርብ አገኘ።