ዝናብ የማይችል ቀለም

ኡሙሃኒ በጣሳ የያዘችውን ውሃ የመጀመሪያው ጣውላ ላይ አፈሰሰችው። ቀዩ ፊደል ወዲያው ሟሟና ቁልቁል ወረደ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ቀስ አድርጋ አፈሰሰች። ውሃው ፊደሉን ነክቶ አለፈ፤ ፊደሉ ግን እንደተጻፈ ቀረ። ደግማ አፈሰሰች፣ በጣቷም አሸችው። ጣቷ ንጹሕ ነበር።

«ቲቸር፣ ያዘ» አለች ቀስ ብላ፣ ጮክ ብትል የሚለቅ ይመስል።

የኬሚስትሪ አስተማሪዋ መምህር ፈንታው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ሰውዬው ለካ ስንት ቀን እንቅልፍ አጥቶ ኖሯል።

ጊዜው ነሐሴ 1976 ነው። ትምህርት ቢዘጋም የቆቦ ተማሪዎች ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ዝግጅት ተጠርተዋል። አውራ ጎዳናውን የሚያየው ረጅም ግንብ በመፈክር መሞላት አለበት፤ ከአዲስ አበባ ይመጣል የተባለው የዘይት ቀለም ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል። የበዓሉ ኃላፊ ጓድ ሙላው ታዲያ መምህር ፈንታውን አስጠርቶ፣ ኬሚስትሪ ተምረህ የለም እንዴ፣ ቀለሙን አንተ ሥራው አለው። ዝናብ የሚችል ይሁን፣ ከለቀቀ አሻጥር ነው ብሎም አከለበት። በዚያ ዘመን አሻጥር ተብሎ መጠርጠር የዋዛ ነገር አልነበረም። አንድ የታሪክ አስተማሪ በዚሁ ቃል ተጠርቶ ከሄደ ወዲህ ደብዛው የለም።

ቀይ አፈርና ከሰል ሞልቷል። ያስቸገረው ማያዣው ነው፤ ቀለሙን ግንቡ ላይ አጣብቆ የሚያስቀረው ነገር። መምህር ፈንታው ሲያስረዳት፣ ማያዣ ማለት እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠለ ረጅም ነገር ነው፣ ፖሊመር ይባላል፤ ውሃ ውስጥ ይበተናል፣ ውሃው ሲደርቅ ደግሞ እርስ በርሱ ይያያዛል አላት። የግራር ሙጫ አንዱ ነው። ሙጫን እንኳ ኡሙሃኒ ሳትማርም ታውቀዋለች። አባቷ ሼህ ታሂር ለሰፈሩ ልጆች ቁርአን የሚያስቀሩት በሙጫና በጥላሸት ቀለም ነው፤ ልጆቹ ሎህ በሚሉት የእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፈው ሲጨርሱ በውሃ ያጥቡታል። እንዲታጠብ ተብሎ የተሠራ ቀለም ለግንብ አይሆንም።

ወተቱን ያሰበችው ራሷ ናት። የጎረቤት ፍየል ወተት በሎሚ ቆራረጠች፣ የረጋውን አጥባ ከኖራ ጋር ለወሰችው፣ ቀይ አፈሩን ጨመረችበት። ሦስተኛው ጣውላ ያ ነው። ኖራው ካልገባበት ግን የረጋው ወተት ጓል ሆኖ ይረግፋል። ይህን ከእሷና ከአስተማሪዋ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ያን ዕለት ደስታዋን አትጠይቁኝ። ጓድ ሙላው መጥቶ ጣውላውን ሲያይ እንኳ ልቧ አልፈራም፤ ከፍየል ወተት እንደተሠራ ራሷ ነገረችው። ወተት ነው እንዴ የሚያስፈልጋችሁ፣ ይገኛል፣ አብሽሩ ብሎ ሄደ። ከየት እንደሚገኝ አልጠየቀችውም።

በማግስቱ ጠዋት እንደልማዷ ከአስረሳሽ ጋር ወደ መጠለያው ወረደች። አስረሳሽ ከብቶቿ ቆላ ውስጥ በድርቅ አልቀውባት፣ ሕፃኗን አዝላ በእግሯ የመጣች ሴት ናት፤ ሼህ ታሂር የግቢያቸውን ጥግ ሰጥተዋታል። መንገድ ዳር ባለው መጠለያ የዱቄት ወተት በውሃ ተበጥብጦ ለሕፃናት ይታደላል። ያን ጠዋት ሰልፉ አልተንቀሳቀሰም። አዳዩ ሰውዬ ወጣና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ወተት የለም፣ የቀረችውን ጆንያ ትናንት ለበዓሉ ብለው ወሰዷት አለ።

አስረሳሽ ባዶ ኩባያዋን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«ለበዓሉ ከሆነ እንግዶቹ ይጠጡት ይሆናላ፣ ኡሙዬ» አለች። «ሩቅ አገር ነው የሚመጡት አሉ።»

ኡሙሃኒ ወደ ሕፃኑ ዞረች። ሕፃኑ እናቱ ጀርባ ላይ ዓይኑን ከፍቶ ያያታል፤ አያለቅስም። ድሮ ያለቅስ ነበር።

ትምህርት ቤት ስትደርስ ጆንያው የኬሚስትሪ ክፍሉ በር ላይ ቆሟል። ለአስተማሪዋ ያየችውን ሁሉ ነገረችው። እሱም ጆንያውን ሲያይ ነገሩ ገብቶት ኖሮ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እጄ ታስሯል፣ ኡሙሃኒ» አላት። «እምቢ ብል እኔን ይወስዱኛል፤ ወተቱን ግን አይመልሱትም።»

እውነቱን ነው። እሷ ደግሞ ያንን ጣውላ ባታሳይ ኖሮ ጆንያው ከመጠለያው ባልተነሳ ነበር። ይህ ሐሳብ እንደ እሾህ ተሰክቶባት ቀረ።

ወዲያው ጓድ ሙላው ገባና፣ ከዱቄቱ ትንሽ ወስዳችሁ ሥሩ፣ ይዞ ልየው አለ። ኡሙሃኒ ዱቄቱን በውሃ በጠበጠች፣ ሎሚ ጨመቀችበት፣ የረጋውን አጠበች፣ ቀይ አፈሩን ጨመረች። የኖራው ቆርቆሮ ክንዷ አጠገብ ነበር። አልነካችውም። ቀና ስትል የመምህር ፈንታው ዓይን ቆርቆሮው ላይ አረፈ፣ ከዚያ እሷ ላይ። አንዲት ቃል ቢናገር ራሱን ያድናል። እሱ ግን ቆርቆሮውን አነሳና ጠረጴዛው ሥር አስቀምጦ በእግሩ ወደ ውስጥ ገፋው።

ጣውላውን ፀሐይ ላይ አሰጡት። ሲደርቅ ጓድ ሙላው ራሱ ውሃ አፈሰሰበት። ቀለሙ ተፈርፍሮ ጫማው ላይ ረገፈ።

ጓድ ሙላው አስተማሪውን ከእግር እስከ ራሱ አየው። የፍየሉ ወተት ቀለሙን ይዞ ሳለ ይሄኛው እምቢ የሚልበት ምክንያት ምን እንደሆነ ጠየቀ። ድምፁ ቀዝቃዛ ነበር።

«ጓድ፣ ዱቄቱ በእሳት የደረቀ ነው» አለች ኡሙሃኒ። እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽታ አታውቅም። «እንደ ትኩሱ አይይዝም። ሙጫ ግን አለን።»

«ሙጫው ዝናብ ይችላል?»

እዚህ ላይ ግን መዋሸት አቃታት። «አይችልም» አለች።

ጓድ ሙላው በመስኮቱ ወደ ሰማዩ አንጋጠጠ። ሰማዩ ከሰኔ ጀምሮ እንደነበረው ነው፤ ነጭና ደረቅ።

«የትኛው ዝናብ?» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «በሙጫ ጻፉት። ከለቀቀ ግን ሁለታችሁም ትጠየቃላችሁ።»

ጆንያው ወደመጣበት ይመለስ ተባለ። ጋሪው ሲነሳ ኡሙሃኒ እስከ መጠለያው በእግሯ ተከተለችው፤ አዳዩ በሩን ከፍቶ ሲያስገባው አይታ ተመለሰች።

ዓርብ ቀን፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ መሰላል ላይ ወጥታ የመፈክሩን መጨረሻ ስትጽፍ ነበር። መምህር ፈንታው መሰላሉን ይዞላታል። ከግንቡ ማዶ ዋርካው ሥር የከተማው ሰው ለዝናብ ዱዓ ተሰብስቧል፤ ክርስቲያኖችም ዳር ዳሩን ቆመዋል። የአባቷን ድምፅ ለየችው። ጌታዬ ሆይ፣ ሰማይህን ክፈትልን፣ ለሕፃናቱ ስትል፣ ለከብቶቹ ስትል ይላሉ።

መምህር ፈንታው ወደ ዞብል ተራራ አገጩን ቀሰረ። ከጫፉ ላይ አንዲት ጠቆር ያለች ደመና ወጥታለች።

«ከዘነበ ይሄ ሁሉ በአንድ ቀን ይታጠባል» አለ በዝቅታ። «አንቺንም እኔንም ይጠሩናል።»

«አውቃለሁ፣ ቲቸር።»

ግንቡን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ፊደሎቹ ቀጥ ያሉ፣ ያማሩ ነበሩ፤ በሕይወቷ እንዲህ ያማረ ነገር ጽፋ አታውቅም። ከዋርካው ሥር ሕዝቡ በአንድ ድምፅ አሚን አለ።

«አሚን» አለች ኡሙሃኒም፣ አባቷ እስኪሰሟት ጮክ ብላ።

መምህር ፈንታው መሰላሉን አጥብቆ ያዘላት። እሷም ብሩሹን ሙጫው ውስጥ ነክራ የቀረውን ፊደል ቀጠለች።