በእማማ ኢሽቤል በር ላይ

ሞራግ ላክላንን ያወቀችው ጎቫን በተባለው የግላስጎው ሰፈር፣ የመርከብ ፋብሪካው በር ላይ፣ ዝናብ አጥብቆ በጣለ ቀን ነው። ኮቱን አውልቆ ደረበላትና እሱ በስብሶ ቤቷ ድረስ ሸኛት። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ በወንዙ ዳር አብረው ይሄዱ ነበር።

ተጋብተው የሚገቡበት ቤት ግን አልነበረም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሠራተኛውን ወደ ግላስጎው ሲያጎርፈው ኪራይ ጣራ ነካ። የሰፈሩ ሴቶች «ጭማሪውን አንከፍልም!» ብለው ተማማሉ፤ ሞራግም አብራ ማለች።

በዚያው ሰሞን ላክላን እጁ ተጎድቶ ከፋብሪካው ወጣ። ሌላ ሥራ ማግኘቱን ነግሯታል። ምን እንደሆነ ስትጠይቀው ግን ዓይኑን ሰብሮ ወሬ ይለውጣል።

በኅዳር አንድ ጠዋት ሴቶቹ የሚጠራሩበት ደወል አቃጨለ። የአከራዩ አስወጪዎች ጭማሪውን ያልከፈሉትን ጎረቤታቸውን እማማ ኢሽቤልን ከቤት ሊያስወጡ መጥተዋል! የአሮጊቷ ልጆች ፈረንሳይ፣ ምሽግ ውስጥ ናቸው። ሴቶቹ አስወጪዎቹ ላይ የሚበትኑትን ዱቄት በጭብጣቸው ይዘው ደረጃውን ሞሉት። ሞራግ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ቆመች።

የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ይዞ ከፊት የመጣው ላክላን ነበር።

«አንተ?»

«ሞራግ፣ ዞር በይልኝ። ለእኛ ብዬ ነው። አለቃዬ ቤት ሊሰጠኝ ቃል ገብቶልኛል። የእኔና የአንቺ ቤት!»

«የማንን አልጋ አውጥተህ ነው የእኔን የምታስገባው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? እስቲ ንገሪኝ!»



«ሙሽራሽ ይሄ ነው? እንኳን ደስ ያለሽ!» አለች አንዷ ከደረጃው ላይ።

ከበሩ ወዲያ የእማማ ኢሽቤል ድምፅ ተሰማ። «ልጄ፣ በእኔ ምክንያት አትጣሉ። እወጣለሁ።»

ይኼኔ ሞራግ የጨበጠችውን ዱቄት ፊቱ ላይ በተነችው። ላክላን ፊቱን አልጠረገም። እንባው በነጩ ዱቄት ላይ መንገድ አበጅቶ ወረደ። ትእዛዙን እግሯ ሥር ጥሎ፣ በሴቶቹ ስድብ መሐል ደረጃውን ወረደ።

ከሥራው ተባረረ። ጎቫን ውስጥም «የአከራይ ውሻ» ተብሎ ማደሪያ የሚሰጠው ጠፋ። በሳምንቱ ሞራግን ወንዙ ዳር ጠብቆ አገኛት።

«ወደ ካናዳ ልሄድ ነው። አብረን እንሂድ።»

«ነገ ሌላ ሰው ቢልኩስ? በሩ ላይ ማን ይቁም?»

ረጅም ጊዜ አያት። እሷም አየችው። እጁን ያዘችና፣ ጨብጣ ቆይታ፣ ለቀቀችው።

በገና በዓል ሰሞን ኪራይ እንዳይጨምር ሕግ ወጣ። ሴቶቹ መንገድ ላይ ጨፈሩ። ሞራግ ከሰው መሐል ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች።

እሷና ጓደኞቿ መንግሥት ለሠራተኛው ቤት እንዲሠራ ዓመታት ታገሉ። ለእሷም ቤት ሲደርሳት ፀጉሯ ገብስማ ሆኖ ነበር። ቁልፉን የሚያስረክባት ጸሐፊ ቀና ሳይል ጠየቃት።

«ስንት ሰው ነው የሚገባበት?»

ሞራግ ቁልፉን ጨበጠች።

«አንድ» አለች።