የቁጣ ካርድ

አማካሪዋ ከጠረጴዛዋ ኋላ፣ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ ግንባሯን ደፍታ ሞታለች። ማጅራቷን የመታት ከባድ የወረቀት መብሻ እግሯ ሥር ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት የስሜት ካርዶች ተደርድረዋል፦ «ሐዘን»፣ «እፍረት»፣ «ቁጣ»።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ወሬ በእሷ በኩል ሲያልፍ ገለባው ይቀራልና። ገና ከደጅ ስትገባ የምክር አገልግሎት ማዕከሉ ዳይሬክተር ክንዷን ሊይዝ ሞከረ። ሸሸችው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ። «ትናንት አመሻሽ የመጨረሻዋ ተገልጋይ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ‹እገድልሻለሁ!› ስትል ቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ካርዶቹን ይዩ፤ ስሜቷን እንድትመርጥ ተጠይቃ የመረጠቻቸው ናቸው። መምሪያዬ ላይ የመጀመሪያው እርምጃ ይኼ ነው።»

«የምን መምሪያ?»

የሰውየው ፊት በራ። አማካሪዎች ለጎረምሶች የሕክምና ዕቅድ የሚያወጡበት መጽሐፍ ጽፎ ለየትምህርት ቤቱ ይሸጣል። ልጁ ቁጡ ነው? ገጹን መግለጥ ነው፤ ግቡም፣ ጥያቄውም፣ ምሳሌውም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አዲሱ እትም ባለፈው ሳምንት ወጥቷል። አንዱን ቅጂ አንሥቶ ፈረመና ለወንፊት ዘረጋላት። «ለማስታወሻ ይሁንዎት።»

ሬሳው ገና አልተነሣም እኮ! ወንፊት ተቀበለችው።

መተላለፊያው ላይ ቆማ ገለጠችው። ከምሳሌዎቹ አንዷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት፤ አባቷ ቤቱን ጥሎ ከሄደ ወዲህ ሌሊት አልጋዋ ላይ ትሸናለች። ስም የለም። ስም ብቻ ነው የሌለው።

እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ልጅቷ በእናቷና በወንፊት ረዳት መካከል ተቀምጣለች። ረዳቱ ካቴናውን አዘጋጅቶ ትእዛዝ ይጠብቃል።

«የኔ እህት!» እናትየዋ ተነሥታ እጇን ያዘቻት። «ልጄ እንኳን ሰው ልትገድል ጉንዳን ረግጣ አታውቅም!»

«ተዪ እማዬ» አለች ልጅቷ፣ ቀና ብላ።

ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ። ወንፊት መጽሐፉን ከጀርባዋ ደበቀች።

«ከአማካሪዋ ጋር ስታወሩ የት ነበር የምትቀመጡት?»

«ምንጣፉ ላይ። እኔ በሩ ጋ፣ እትዬ ግድግዳው ጋ። ‹በሩ ያንቺ ነው፤ ሲያስጠላሽ ውጪ› ትለኛለች። ከጠረጴዛ ኋላ ሆና ልጅ አታናግርም። ‹ያ የትልልቅ ሰዎች ነው› ትላለች።»

«ታዲያ ለምን እገድልሻለሁ አልሻት?»

«መጽሐፉ ትምህርት ቤታችን ደርሷል፤ ክፍል ስገባ አፍንጫቸውን ይይዛሉ።» ልጅቷ ጣቶቿን ጨመቀች። «ለእሷ ብቻ ነበር የነገርኩት። የሸጠችኝ እሷ መሰለችኝ። አለቀሰች። ‹እኔ አላወራሁም፤ ግን ከእኔ መዝገብ ነው የተሰረቀው፤ ይቅር በይኝ› አለችኝ። ይቅር ብያት ወጣሁ።»

«ካርዶቹስ?»

ልጅቷ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም። «የመጀመሪያው ቀን ‹ቁጣ›ን ቦጫጭቄ ፊቷ ላይ በተንኩት። ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ካርድ ነክተን አናውቅም።»

የሟቿ ባልደረባ፣ ቤቱ ሁሉ «ቀጮ» የሚለው ወጣት አማካሪ፣ ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«የተቀደደችውን ካርድ ታውቃለህ?»

«ማን የማያውቅ አለ! ምሳ ላይ ስትነግረን በሳቅ ሞተናል። ጋሼ ዳይሬክተሩ ግን ከእኛ ጋር አይበሉም።»

«ልጅ ያናግራሉ?»

«ኧረ እሳቸው ልጅ ካናገሩ ስንት ዘመናቸው!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትናንት ጠዋት ተጣልተው ነበር። ‹መጽሐፉን ዛሬ ሰብስብ፤ አለዚያ ነገ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ እሄዳለሁ› ስትል ሰምቻለሁ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም።»

ወንፊት ተመልሳ የሟቿን መሳቢያ ሳበች። የቀሩት ካርዶች እዚያ ናቸው፤ በልጆች እጅ ብዛት ጠርዛቸው ተበልቷል። ጠረጴዛው ላይ ያሉት «ሐዘን» እና «እፍረት»ም እንደዚያው። «ቁጣ» ግን ታብረቀርቃለች።

ሬሳው ከወጣ በኋላ ሁሉንም ወደዚያው ክፍል ጠራቻቸው። ልጅቷ ማንም ሳያዛት ምንጣፉ ላይ፣ በሩ ጋ ተቀመጠች።

«ገዳዩ ካርድ ደርድሮ ልጅቷን ሊያስበላት ፈልጓል» አለች ወንፊት። «ነገር ግን ሟቿ የሞተችው ከጠረጴዛው ኋላ ነው። እንግዳዋ ትልቅ ሰው ነበር ማለት ነው።»

«ወንበር ምን ማስረጃ ይሆናል?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ካርዱ ይሆናል። በዚህ ክፍል ‹ቁጣ› የሚባል ካርድ የለም፤ ይቺ ልጅ ቀዳዋለች። ቀጮም ያውቃል። ገዳዩ አያውቅም። ፈልጎ ሲያጣ ከሌላ ጥቅል አመጣ። አዲሱ ጥቅል ያለው የት ነው?»

«ትናንት ከማተሚያ ቤት መጣ» አለ ቀጮ ቀስ ብሎ። «ጋሼ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ቁልፉን ከኪሳቸው አያወጡትም።»

ረዳቱ የዳይሬክተሩን ኪስ ፈትሾ ቁልፉን ይዞ ሄደ። ሲመለስ የተከፈተ ጥቅል ይዟል። «‹ቁጣ› ብቻ ነው የጎደለው» አለ።

«ካርዱ ሲጠፋብዎት ሌላ ስሜት መምረጥ ይችሉ ነበር እኮ» አለች ወንፊት። «ግን መጽሐፍዎ ለቁጡ ልጅ ያዘዘው ‹ቁጣ›ን ነው። ከራስዎ መጽሐፍ መውጣት አቃተዎት። የልጅቷን ጉድ ከሟቿ መዝገብ ሰርቀው ሸጡ፤ ፈቃድዎን እንዳያጡ አማካሪዋን ገደሉ፤ ግድያውን ደግሞ በዚያችው ልጅ ላይ ጫኑ። ቱ!»

«ለስንት አማካሪ የሚጠቅም መጽሐፍ በአንዲት ልጅ ምክንያት ይሰብሰብ?» ሰውየው ወደ በሩ ጣቱን ቀሰረ። «ይቺ እኮ ሌሊት ሌሊት...»

«ዝም!» ወንፊት ስትጮህ ረዳቱ እንኳን ደነገጠ። «አንድ ቀን እንኳን አፍዎን ይያዙ!»

ካቴናው ወደ ሌላ እጅ ሄደ። ወንፊት ልጅቷ ጎን ቁጢጥ አለች።

«አለቀ። ከእናትሽ ጋር መሄድ ትችያለሽ።»

«ያነበቡት ልጆችስ?»

«እነሱን ማስረሳት አልችልም። አልዋሽሽም።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። እናቷ እጇን ስትዘረጋላት አልተነሣችም። እግሯን ሰብስባ መንገዱን ለቀቀች።

«መጀመሪያ እሱ ይውጣ» አለች።