የበእምነት እንጥል አይቆረጥም

ልጅ አልበላ ሲላችሁ አፉን በጉልበት የምትከፍቱ ሁሉ፣ ነገሩ የሚመለከተው እናንተን ነውና ተቀምጣችሁ ስሙኝ።

ስሜ ትሁት ነው፤ አባቴ ስሙን ሲያወጣልኝ ገና አፍ ስላልፈታሁ አይፈረድበትም። ከአምስተኛ ክፍል አቋርጬ ከማንኪራ ወደ ቦንጋ የመጣሁት የእህቴን የላቀችን ልጅ ልይዝ ነው። ላቀች መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አላት። ልጇ በእምነት ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

በእምነት ትናንት የቡላ ገንፎ ጣቱን እየላሰ ይበላና፣ ዛሬ ያንኑ ገንፎ እንደ ጠላት ያየዋል። አንድ ቀን ጎመን ካልሆነ ይላል፣ በማግስቱ ጎመን የነካ እጅ አያስጠጋም። ጠባዩን አውቀዋለሁ፣ የኔው ነው። እህቴ ግን ልጇ የሚሞትባት ይመስላታል።

ስለዚህ ምሳ ሲደርስ ጦርነት ነበር። ላቀች ጭኗ ላይ ታጋድመዋለች፣ እኔ እግሩን እይዛለሁ፣ የባሏ እናት እትዬ ይመኙሻል አፍንጫውን ይይዛሉ። ልጁ ለመተንፈስ አፉን ሲከፍት አጥሚቱ ይንቆረቆርበታል። ግማሹ በአንገቱ ይፈሳል፤ ሆዱ የገባውም ተመልሶ ቀሚሴ ላይ ይወጣል። እያደር ማንኪያ ሲያይ ብቻ ማልቀስ ጀመረ።

«እንጥሉ ወርዶ ነው» አሉ እትዬ ይመኙሻል። «ጉሮሮውን ዘጋው። አባቱም በልጅነቱ እንዲሁ ነበር። አስቆረጥኩት፣ ይኸው ዛሬ የሚነዳው ሚኒባስ በር አላስገባ አለው።»

«እትዬ፣ እንጥሉን አይተውታል?» አልኳቸው።

«በምን አየዋለሁ፣ አፉን መች ይከፍታል?»

«ሳያዩ ነዋ የፈረዱበት።»

«ላቀች፣ እህትሽን ዝም አሰኚልኝ።»

ላቀች ዝም አላሰኘችኝም፤ አይቆረጥም ግን አላለችም። ይሄ አስፈራኝ። እትዬ ይመኙሻልም ከቢታ ገነት ለገበያ የሚመጡትን እንጥል ቆራጭ፣ ጋሽ ገብረሚካኤልን፣ ለቅዳሜ ቀጠሯቸው።

ሳህን እያጠብን ላቀችን «የዓለሙን ልጅ ረሳሽው?» አልኳት። ዓለሙ የማንኪራ ጎረቤታችን ነው። ልጁ ጡት እምቢ አለ ተብሎ እንጥሉ ተቆረጠ፤ ደሙ አልቆም ብሎ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ መንገድ ላይ በእናቱ ጀርባ ሞተ። ለቅሶውን ላቀች ራሷ ደርሳለች።

«የሱ ዕድል ነው» አለች። የታጠበውን ሳህን ግን መልሳ አጠበችው። «የኔ ልጅ ምግብ እየተወ ቁጭ ብዬ ልየው?»

«ምሳው የት አባቱ ይግባለት? ጠዋት ሙሉ ሾፌሩ ቦምቦሊኖ፣ ረዳቱ ከረሜላ፣ አንቺ ስኳር የበዛበት ሻይ።»

«እንዳያለቅስ ነዋ። ደንበኛ አለብኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ለሚገባው ሁሉ ተናገርኩ፤ «ለዚህ ልጅ ጣፋጭ የሰጠ ሻዩን ቀዝቃዛ ይጠጣል።» አንድ ረዳት ስቆ ከረሜላ አወጣ። ቀዝቃዛውን ጠጣ።

ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ገብረሚካኤል መጡ። በጨርቅ የተጠቀለለ ምላጫቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሻይ አዘዙ።

«ትሁት፣ እግሩን ያዢ» አሉ እትዬ ይመኙሻል።

«አልይዝም።»

«ምን አልሽ?»

«እስከ ዛሬ መያዜ ይበቃል። አልይዝም።»

ልጁን አቅፌ ከግድግዳው ጥግ ሰሌን ላይ ተቀመጥኩ፤ የራሴን ቆጮና ጎመን ከፊቴ አደረግኩ። «የሚፈልገው እኔን ረግጦ ይውሰደው» አልኩ።

«ይቺ ባለጌ ነች» አሉ ጋሽ ገብረሚካኤል።

«ነኝ፤ ሻይዎ እንዳይበርድ» ብያቸው መብላት ጀመርኩ።

ለበእምነት ና አላልኩትም፣ አላጎረስኩትም። ጭኔ ላይ ሆኖ ሳህኑን አየ፣ አፌን አየ። ጎመን አነሳና ደረቴ ላይ ወረወረው። መብላቴን ቀጠልኩ። ቀጥሎ ቆጮ ቆረሰና አፉ ከተተው። አኘከ። ዋጠ። ደግሞ ቆረሰ። ጎሽ ካልኩት እንደሚተወው ስለማውቅ ወደሌላ አየሁ። ተዘጋ የተባለው ጉሮሮ እንዲያ ሆኖ ቆጮ ያወርዳል።

«ዛሬስ በላ» አሉ እትዬ ይመኙሻል። «ነገ እምቢ ሲልስ?»

አፌን ልከፍት ስል ላቀች ቀደመችኝ። «ነገ እምቢ ካለ ከነገ ወዲያ ይበላል፣ እትዬ።» ወደ ጠረጴዛው ዞረች። «ጋሽ ገብረሚካኤል፣ ሻይዎን ይጨርሱ። ምላጭዎን ግን ያንሱልኝ፣ ይሄ የመብያ ጠረጴዛ ነው።»

እትዬ ይመኙሻል ነጠላቸውን አንስተው ወጡ፤ ጋሽ ገብረሚካኤልም ምላጫቸውን ይዘው ተከተሏቸው። ሰኞ ልጁን ጤና ጣቢያ ወስደን አስመዘንነው፤ ደህና ነው ተባልን። ላቀች ስትመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች፤ ዓለሙ ቤት ያላለቀሰችውን ጭምር ይመስለኛል።

አሁን በሰዓቱ አብረን እንቀመጣለን። በመካከል ጣፋጭ የለም። ያለውን ከፊቱ እናደርጋለን፣ የሚበቃውን እሱ ያውቃል። የናንተም ልጅ ከከሳ ወይ ካተኮሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ፤ ምላጭ ወዳለበት ግን አትሂዱ። አምስተኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ ምን ታውቃለች የምትሉኝ ካላችሁ፣ ለሱ ጊዜ የለኝም፤ ልብስ አጥባለሁ። በእምነት ዛሬ ገንፎውን ሙሉ በሙሉ ላዬ ላይ ደፍቶታል። ይድፋ። ቀሚስ ይታጠባል፤ የተቆረጠ እንጥል ግን ተመልሶ አይበቅልም።