በሙራንግ ደጅ የተቀረጸው ስንኝ

የሐንዛ ንጉሥ ዘውድ በደፉበት ዕለት የዘምራ ወንዝ በጠራራ ፀሐይ ሽቅብ ፈሰሰ። ሕዝቡ ዓይኑ እያየ ውኃው ተራራውን ወጥቶ በሙራንግ ዋሻ ገባ። ሙራንግ ቅርፊቱ እንደ ባልጩት የጠጠረ፣ እስትንፋሱ ደመና የሚበትን ጥንታዊ አውሬ ነው። እርሻው ተሰነጠቀ፤ ከብቱ ረገፈ። ሰይፋቸውን ስለው ከወጡት ጀግኖች አንድም የተመለሰ አልነበረም።

በመጨረሻ ዝማሜ ተነሣች። ገና ወጣት ብትሆንም የቤተ መንግሥቱ ባለቅኔ ናት፤ ስታዜም ባላንጣዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያደምጧታል።

ንጉሡ «ጦር አልያዝሽ፤ በምን ልትዋጊው ነው?» አሏት።

«ግርማዊ ሆይ፣ ከዋሻው ደጅ ግጥም ተቀርጿል ይባላል። እስከ ዛሬ የሄዱት ተዋጊዎች ናቸው፤ ግጥም አዋቂ አልሄደም።»

ታላቅ ወንድሟ ጋረደው፣ የሐንዛ ስመ ጥር ሰይፈኛ፣ አብሯት ወጣ። የሚፋጀውን የጨው ሜዳ አቋርጠው፣ የድንጋይ ጅቦችን ጋረደው በሰይፉ እየመከተ፣ ከዋሻው ደጅ ደረሱ። በዓለቱ ላይ እንዲህ ይላል፦

ጦር ወርውሮ አይወጋው፣ ቀስት ስቦ አይመታው፣
በስለት ነው እንጂ አውሬው የሚረታው፤
የተሳለ ይግባ፣ ያልተሳለ ይቅር፣
በወደደው ነገር ይከፈታል ይህ በር።

ጋረደው ሰይፉን መዘዘ። «ስለት ይላል። የእኔ ሰይፍ ፀጉር ይሰነጥቃል፤ ልግባ።»

«ቆይ፣ ወንድም ጋሼ። ያነበብከው ሰሙን ነው። እነዚያም እሱን አንብበው ነው ያለቁት።» ጣቷን በፊደሎቹ ላይ አስኬደች። «የፊተኞቹ ስንኞች ‹ታው› እያሉ ቤት ይመታሉ። ጦርን ናቀ፣ ቀስትን ናቀ። ብረትን እንዲህ ሲያጣጥል ቆይቶ ሌላ ብረት ያመጣል?»

«ታዲያ ስለት ምንድን ነው?»

«ኅብረ ቃል ነው፤ ቃሉ አንድ፣ ፍችው ሁለት። ‹የተሳለ ይግባ› አለ። የሚገባው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ እንደ ቢላ አይሳልም። ሰው የሚሳለው ስለት ነው። ገጣሚው እንዳንስት ብሎ ‹በወደደው ነገር› ሲል አሰረው። ወርቁ ይኸው፤ የሚወደውን ሊሰጥ የተሳለ ብቻ ይገባል።»

ጋረደው ሰይፉን ቀስ ብሎ ወደ አፎቱ መለሰ። «እንግዲያው እኔ ልሳል። ቀኝ እጄን እሰጣለሁ።»

«አንተ ከእጅህ ይልቅ የምትወደው እኔን ነው። እኔን ደግሞ አትሰጥም» አለችና ፈገግ ብላ ገባች።

ሁለት የእሳት ዓይኖች በጨለማው ውስጥ ተከፈቱ። ዝማሜ ቀና ብላ ተናገረች።

«እኔ የአውጋዝ ልጅ ዝማሜ፣ የዘምራን ውኃ ብትለቅ ድምፄን ልሰጥህ ተስያለሁ። ቃሌ አይታጠፍም።»

ከዚያም የምታውቀውን ዜማ ሁሉ ምንም ሳታስቀር አዜመች። የመጨረሻው ሐረግ ከከንፈሯ ሲወጣ የአውሬው ቅርፊት እንደ ደረቀ ቅጠል ረገፈ፤ ከሥሩ ውኃው እየተምዘገዘገ ወጣና ተራራውን ቁልቁል ወረደ።

በወንዙ ዳር በተደገሰው ግብር ላይ ሕዝቡ «ዝማሜ ታዚምልን» አለ። አፏን ከፈተች፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ንጉሡ ከዙፋናቸው ተነሥተው ቆሙ። ያን ጊዜ በሕይወቱ በሰው ፊት ግጥም ብሎ የማያውቀው ጋረደው መሐል ወጥቶ፣ እሷ ሲመለሱ በመንገድ እንዲያነብላት የጻፈችውን ውዳሴ በጎርናና ድምፁ ማለት ጀመረ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ምቱን ሰበረው።

ዝማሜ አጠገቡ ሄዳ ትከሻውን በመዳፏ እየመታች ልኩን አሳየችው። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ አሁን ልክ መጣ፤ ሕዝቡም ተቀበለው።