ስፖንጅ የለበሰው ግድግዳ

ወላሂ ይሄ የሆነ ነገር ነው።

ናጅዋ የአክስቴ ልጅ ናት። "አንዷ ለአንዷ ነግራት" የሚባል ወሬ አይደለም፤ ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት። ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ ከአሁኑ ቻናሉን ለቃችሁ ውጡ። አልለምናችሁም።

ደግሞ እኩለ ሌሊት፣ ጨለማ፣ ምናምን እንዳትጠብቁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ወልድያ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። አናት የሚበሳ ፀሐይ...

በዚያ ሰዓት ነው ግድግዳው የሚመታው።

ድው... ድው... ድው...

የሚመቱት እትዬ እታፈራሁ ናቸው። ከናጅዋ መኝታ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑ ጎረቤት። ሌሊቱን ዳቦ ሲጋግሩ አድረው፣ ጠዋት ለሻይ ቤቶች አስረክበው፣ ቀን ነው የሚተኙት። ከምላሳቸው ደግሞ አላህ ይጠብቃችሁ!

ግድግዳው ብሎኬት ነው። ማዶ ሲያስነጥሱ ወዲህ "ይማርዎ" ትላላችሁ።

ጠቡ የጀመረው ናጅዋና ባሏ ቤቱን የተከራዩ ሰሞን ነው። ባሏ ኢዘዲን ሶፋ ሠሪ ነው። አረፋ ደርሶ ሥራ ሲበዛበት የሶፋ እንጨት ቤት አምጥቶ ምስማር መታ። በቃ! እትዬ እታፈራሁ በሩ ላይ ቆመው ጎረቤት እስኪሰበሰብ ስድቡን አወረዱበት።

"ቤት ነው ጋራዥ? ምን ዓይነት ጉድ ነው ከጎኔ ያመጡብኝ!"

ናጅዋም የመርሳ ልጅ ናት፤ ተሰድባ አታድርም።

"አንቱ ሴትዮ! ቀን እየተኙ አገር ዝም ይበልልኝ ይላሉ እንዴ? እንቅልፍ ካማረዎት መቃብር ቤት ይከራዩ!"

ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። ደረጃ ላይ ሲተላለፉ አንዷ ጣራ፣ አንዷ መሬት ታያለች። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" ያለው ሰው ኮንዶሚኒየም አልኖረም።

ከዚያ አሲያ ተወለደች።

አሲያ የናጅዋ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ስንት ጊዜ ጨንግፎባት፣ ስንት ዱአ ተደርጎላት፣ ስንት ሐኪም ቤት ተንከራታ ያገኘቻት። ናጅዋ እሷን ካጣች የሚተርፋት ነገር የለም። ይሄን ያዙልኝ።

ውሃው ሦስተኛ ፎቅ አይደርስም። ስለዚህ ናጅዋ ከሰዓት አሲያን ጠቅልላ ታስተኛና፣ በሩን ቆልፋ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ሮቶ ልትቀዳ ትወርዳለች። ጀሪካኗን ተሸክማ ስትመለስ ገና ከደረጃው ትሰማዋለች።

ድው... ድው... ድው...

ከዚያ የአሲያ ጩኸት።

ደሟ ይፈላል! "አራስ ልጅ አለቀሰች ብላ ግድግዳ የምትደበድብ፣ ምን ዓይነት አረመኔ ናት!" ትላለች። ዘነዘናውን አንስታ እሷም መልሳ ትመታለች። ወዲያ ይመታል፣ ወዲህ ይመታል፣ ልጅቷ መሀል ላይ ትንጫጫለች።

አንድ ቀን ኢዘዲን መረረው። ከሚሠራበት ቦታ ለሶፋ መቀመጫ የሚሆነውን ወፍራሙን፣ ጠንካራውን ስፖንጅ ጭኖ መጣ። የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ከወለል እስከ ጣራ አለበሰው። ዳር ዳሩን በጣውላ ይዞ በምስማር መታው፤ ላዩን የተራረፈ የሶፋ ጨርቅ ወጠረበት።

"በይ እንግዲህ፣" አላት እየሳቀ። "እንኳን የሷ ጡጫ፣ ማዶ ሰርግ ቢደገስ አይሰማሽም።"

እውነቱን ነው። ጸጥ አለ።

የናጅዋ አንጀት ቅቤ ጠጣ። "ዝም አይነቅዝም" ይባል የለ? እሷም እንደዚያ መስሏት ነበር።

ግን...

አሲያ ማልቀስ አቆመች።

ናጅዋ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ተኝታ ታገኛታለች። ስትነቃም አታለቅስም። ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ ፈገግ ትላለች።

ጡት ስትሰጣት ፊቷን ታዞራለች። የናጅዋ ጡት ሞልቶ፣ አብጦ፣ ልብሷን አልፎ ይፈሳል... ልጅቷ ግን አልራባትም።

ሐኪም ቤት ወሰደቻት። መዘኗት። "ክብደቷ በደንብ ጨምሯል፤ ምን ሆነች ትያለሽ?" አሏት።

ምን ትበል? ልጄ ሳትጠባ ወፈረች ትበል?

አንድ ቀን ደግሞ መጠቅለያውን አየችው። ናጅዋ ሁልጊዜ ጫፉን ከሥር ነው የምትወሽቀው። የዚያን ቀን ግን በግራ በኩል ተቋጥሯል። ትንሽ፣ ጠበቅ ያለ፣ ንጹሕ ቋጠሮ።

ኢዘዲን ጋ ደወለች።

"ቤት መጥተህ ነበር?"

"ኧረ ሥራ ላይ ነኝ። ምነው?"

"ምንም።"

ሰው ገብቶ ይሆን እንዴ? ቁልፉ ግን በእጇ ነው፤ በሩም እንደተቆለፈ ነው ያገኘችው። ድካም ነው አለች። አራስ ሴት ትረሳለች፤ እኔው ራሴ ቋጥሬው ይሆናል አለች።

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። ስትከፍት እትዬ እታፈራሁ ናቸው። ዱቄት የነካው ልብስ ለብሰዋል፤ ዓይናቸው በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል።

"ግድግዳውን ምን አደረግሽው?"

"ምን አገባዎት?"

"ብመታው አይሰማም።"

"እንዳይሰማ ነዋ!"

ሴትዮዋ አልጮሁም። ናጅዋን ያስፈራት እሱ ነው። እኒያ ሕንፃ የሚያናውጡት ሴት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ስሚኝማ... እኔ ለሕፃን ልቅሶ ግድግዳ የምመታ ይመስልሻል? ልጅ አልቅሶ ነው የሚያድግ። እኔን እንቅልፍ የነሳችኝ ሴትዮዋ ናት።"

"የቷ ሴትዮ?"

"እሹሩሩ የምትለዋ። አንቺ ውሃ ልትቀጂ ስትወርጂ ትጀምራለች። አራስ ልትጠይቅ የመጣች ዘመድሽ መስላኝ ነበር። ስመታባት ዝም ትላለች፤ ከዚያ ልጅቷ ታለቅሳለች። እኔም እተኛለሁ።"

"እኛ ቤት ከኔ ሌላ ሴት የለም።"

"ትላንት በረንዳ ላይ ወጥቼ አየሁሽ። ጀሪካንሽን ይዘሽ እታች ቆመሻል። እዚህ በመስኮታችሁ ግን ዘፈኑ ይሰማል። ሄጄ ግድግዳውን መታሁት..."

እትዬ እታፈራሁ ወደ መኝታ ቤቱ በኩል አዩ።

"ምን አለች?"

"ሳቀችብኝ።"

ናጅዋ ክው አለች። ግን እልኸኛ ናት አላልኳችሁም? "ምቀኛ! ልጄ ሰላም ስታገኝ ጊዜ ሟርት ይዘው መጡ!" ብላ በሩን ፊታቸው ላይ ዘጋችው።

ከዚያ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ኢዘዲን ጋ ደወለች።

ኢዘዲን ተጠርቶ መጣ። አልተከራከራትም። መዶሻውን አንስቶ ጣውላውን ነቅሎ ስፖንጁን ገልብጦ ወለሉ ላይ ዘረጋው።

ጎንበስ ብሎ በእጁ ዳሰሰው።

"ምንድን ነው?"

"ጎድጉዷል።"

"እና?"

"ይሄ ጠንካራው ስፖንጅ ነው ናጅዋ። እንዲህ የሚጎደጉደው ሰው ዓመት ተቀምጦበት ነው።"

ቀረብ ብላ አየች። የሴት ትከሻ... ጀርባ... ከወለሉ አጠገብ ሰፋ ያለ መቀመጫ። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ልጅ ታቅፋ የተቀመጠች ሴት ልክ። ደረቷ ጋ ስፖንጁ ርሷል። ወተት ወተት ይሸታል።

የጎደጎደው በክፍሉ በኩል አይደለም። በግድግዳው በኩል ነው። ስፖንጁና ብሎኬቱ የተጣበቁበት፣ እጅ እንኳን የማያስገባው በኩል።

"አዑዙ ቢላህ..." አለ ኢዘዲን። ቆሌው ተገፎ መዶሻው ከእጁ ወደቀ።

የዚያኑ ቀን በሚኒባስ መርሳ ገቡ፤ የኢዘዲን እናት ከድጃ ቤት። እማ ከድጃ ሼሆች ጠርተው ቁርአን አስቀሩ፤ ከልጅቷ ራስጌ ቢላ አኖሩ። ቤቱ ብቻውን የቆመ ነው፤ ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት የለም። ዘፈንም የለም፣ ሳቅም የለም።

ናጅዋ "ተረፍን፣ አልሐምዱሊላህ" አለች።

ግን አሲያ አልጠባ አለች።

ጡቱን ወደ አፏ ስታስጠጋው እየጮኸች ትገፋዋለች። በማንኪያ ሲሰጧት ታስመልሳለች። ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ ግሉኮስ ሰኩላት። እሱን ስትነቅለው ሌላ ቦታ ሰኩላት። በየደቂቃው አንገቷን ወደ በሩ ታዞራለች። የሆነ ሰው የምትጠብቅ ትመስላለች።

ጉንጯ ገባ። ድምጿ ሰለለ። ኋላማ አፏ ይከፈታል እንጂ ልቅሶው አይሰማም።

"እማ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው!"

"አላህ ያውቃል ልጄ፣ ሶብር አድርጊ፣" አሉ እማ ከድጃ። እሳቸውም ግን ልጅቷን ማየት አልቻሉም፤ ፊታቸውን አዙረው ነው የሚያለቅሱት።

ወደ ቤት መለሷት፤ ኢዘዲን መድኃኒት ሊፈልግ ወጣ። ናጅዋ ልጇን በነጠላ አዝላ በጓሮ በር ወጣች። ለማንም አልተናገረችም። አስፋልቱ ላይ ቆማ ወደ ወልድያ የሚሄድ መኪና ያዘች።

አሁን "እብድ ናት" የምትሉ ትኖራላችሁ። ልጃችሁ እጃችሁ ላይ ስትቀልጥ እዩና ከዚያ ፍረዱ!

ሲሪንቃን ሲያልፉ አሲያ ዓይኗን ገለጠች። ደረጃው ጋ ሲደርሱ እጇን አወራጨች።

ስፖንጁ እንደተነቀለ ወለሉ ላይ ነው። ናጅዋ ልጇን ፍራሽ ላይ አስተኝታ መዶሻውን አነሳች። የጎደጎደውን በኩል ወደ ግድግዳው አዙራ ገጠመችው። ጣውላውን አስጠጋች። የመጀመሪያውን ምስማር መታች።

ወዲያው ከማዶ ተመታ።

ድው! ድው! ድው!

"አንቺ ልጅ!" የእትዬ እታፈራሁ ድምፅ ነው። "አንቺ ነሽ? ምን እያደረግሽ ነው?"

ናጅዋ ሁለተኛውን ምስማር መታች።

"ተይ አልኩሽ! ተይ! ስለ ወለደችሽ እናት!"

"ልጄ ትብላልኝ!" አለች ናጅዋ። ጮኻ አይደለም። ለራሷ ነው ያለችው።

አንድ ምስማር ጨመረች... የሴትዮዋ ድምፅ ራቀ። ሌላ ጨመረች... ቃሉ መለየት አቃተው። የመጨረሻውን ስትመታ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። እትዬ እታፈራሁ ከማዶ እየመቱ ይሁን፣ ትተውት ይሁን፣ ማወቅ አይቻልም።

አሲያን ከግድግዳው አጠገብ አስተኛቻት። ግንባሯን ሳመቻት። ወጣችና በሩን ገርበብ አድርጋ ሳሎን ውስጥ ቆመች።

ምንም የለም...

ምንም የለም...

ከዚያ ሰማችው። ተርቦ የቆየ ሕፃን ጡት ሲያገኝ የሚያሰማውን ድምፅ። ይውጣል... ትንፋሽ ይወስዳል... ደግሞ ይውጣል።

ናጅዋ ወደ በሩ ቀረበች። በሩ ሥር ቁጭ አለች። ልጄ ተረፈች ብላ ይሁን፣ ልጄን ሰጠኋት ብላ ይሁን አላወቀችም፤ እንባዋ መጣ። አፏን በእጇ ይዛ ልታፍነው ሞከረች። አልሆነም። ሲቃው አምልጧት ቤቱን ሞላው።

ከውስጥ መዋጡ ቆመ።

"እሽሽ..." አለ አንድ የሴት ድምፅ። የተቆጣ አልነበረም። የደከማት እናት ድምፅ ነው።

"ቀስ በይ። ተኝታለች።"

በሩ ከውስጥ ተገፍቶ ተዘጋ።