ማርሽ አልቀይርም ያለች መኪና

ዳገቱ ገና ሲጀምር የመኪናዋ ሞተር ጮኸ። ሀሚዱ ነዳጁን ቢረግጥም ጩኸቷ ባሰ እንጂ ፍጥነት አልጨመረችም።

«ማርሽ አልቀይርም አለች» አለ። «ወላሂ፣ ትናንት ደህና ነበረች።»

አጠገቡ የተቀመጠችው የእህቱ ልጅ የሰሚሃ ዓይን ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። እናቷ አሚናት ውጫሌ ውስጥ ነርስ ናት። ጦርነቱ ሲቃረብ ሰሚሃ ከአጎቷ ጋር ሸሸች፤ እናቷ ግን «በሽተኞቹን ጥዬ የት እሄዳለሁ?» ብላ ቀረች። አሁን ጦርነቱ ከአካባቢው ርቆ፣ እነሱ አጎቷ ወደሚኖርባት ወደ ሐይቅ ከተማ ተመልሰዋል። ስልክ ግን ገና አልተመለሰም፤ ሚኒባሶችም ወደዚያ መሥራት አልጀመሩም። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር «ደህና ነኝ፣ ልጄን አምጡልኝ» የሚል ቃል ከእናቷ ካደረሰላት ወዲህ እህል አልጥም ብሏታል። የእናቷን ድምፅ የምትረሳው እየመሰላት፣ ብቻዋን ስትሆን «ሰሚዬ» እያለች በእናቷ አነጋገር ራሷን ትጠራለች።

ሀሚዱ መኪናዋን አዞረ። «የማርሹ ካምቢዮ አልቆለታል። ደሴ ወስዶ ማስፈታት ነው። አብሽሪ፣ ቢዘገይ እንጂ መሄዳችን አይቀርም።»

ሰሚሃ ዳሽቦርዱን ያየችው ያኔ ነው። መብራቶቹ ሁሉ ቦግ ብለዋል። የፍጥነት መለኪያው መርፌ ግን መኪናዋ እየሄደች ዜሮ ላይ ተኝቷል። ትናንት የተበላሸው መብራቱ ብቻ ነበር፤ መርፌውማ ይሠራ ነበር። የክፍል ጓደኛዋ ሰዓድ ነው ዳሽቦርዱን አውጥቶ፣ የተቃጠለውን በይዶ መልሶ የገጠመው።

እቤት እንደደረሱ በቀጥታ ወደ ሰዓድ ሄደች። በራፋቸው ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ እየፈታ አገኘችው።

«ትናንት ስትገጥመው የቀረ ነገር አለ?»

«ምን ሊቀር? መብራቱ በርቶ አላየሽም?»

«መርፌው አይሠራም። ማርሽም አልቀይር ብላለች።»

«ማርሽና ዳሽቦርድ ምን አገናኛቸው? ካምቢዮው ነዋ» አለ፤ ግን ቀና ብሎ አላያትም።

«አንተው አይደለህ እንዴ የነገርከኝ? የፍጥነቱ መልእክት በዳሽቦርዱ አልፎ ነው ወደ መኪናዋ ኮምፒውተር የሚሄደው አላልክም? ፍጥነቷን ካላወቀች ማርሽ መቼ እንደምትቀይር በምን ታውቃለች?»

ሰዓድ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። «ከኋላ ካሉት መሰኪያዎች ያንዱ ጥርስ ተሰበረብኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አልገባ ሲለኝ ገፋ አድርጌ ዘጋሁት። አጎትሽ አናቴ ላይ ቆሞ ሲያደንቀኝ ሼም ያዘኝ።»

«ንገረዋ።»

«በናትሽ ሰሚሃ። ስልክ የምጠግንበት ቤት እንደተዘረፈ ታውቂያለሽ። አጎትሽ ከሱቁ ጥግ ሊሰጠኝ ቃል ገብቷል። ነገ ጁምዓ ሲሄድ ገብቼ አስተካክለዋለሁ። ማንም ሳያውቅ ትሄዳላችሁ።»

ሰሚሃ ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ተመለሰች። ሰዓድም ከኋላዋ ተከተላት። ግቢው ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ሀሚዱና ሾፌሩ መኪናቸውን ወደ ደሴ ለመጎተት ገመድ እያሰሩ ነው። ካምቢዮው አንዴ ከተፈታ መቼ እንደሚገጠም አላህ ይወቅ። ሰዓድ በሩ ላይ ቆሞ «እንዳትናገሪ» በሚል ዓይን ያያታል።

«አሞኛል፣ ደሴ የሚኬደው ነገ ከጁምዓ በኋላ ይሁን» ማለት ትችል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል። ግን እናቷ እቅፏ ውስጥ አስገብታ «እንዴት መጣሽልኝ?» ስትላት ታያት። አሁን ከዋሸች ያን ጊዜ ይሄን ዘልላ ልትተርክላት ነው።

«አጎቴ፣ ገመዱን አቆየው» አለች። «ካምቢዮው ሳይፈታ የዳሽቦርዱ መሰኪያ ይታይ። ትናንት ጥርሱ ተሰብሯል።»

ሀሚዱ ወደ ሰዓድ ዞረ። «ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ ሰዓድ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ሀሚዱ ገመዱን ፈትቶ የመኪናዋን በር ከፈተና ገለል አለለት። ሰዓድ ዳሽቦርዱን አወጣ፤ መሰኪያውን ጥርቅም እስኪል አስገብቶ እንዳይወልቅ በቀጭን ሽቦ አሰረው።

«ኋላ ግባ» አለው ሀሚዱ። «ዳገቱ ላይ ብትቆም የምትገፋት አንተ ነህ።»

ዳገቱ ላይ ሞተሩ እንደ ጠዋቱ ሊጮህ ጀመረ፤ ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። መኪናዋ ማርሽ ቀየረች፤ ትንሽ ቆይታ ደግማ ቀየረች። «አልሐምዱሊላህ» አለ ሀሚዱ በረጅሙ ተንፍሶ።

ዳገቱን እንደጨረሱ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ጋሼ፣ ማሰሪያው እስከ ውጫሌ ያደርሳል» አለ ሰዓድ ከኋላ።

ሀሚዱ ወደ ሰሚሃ ዞረ። «ለእናትሽ የቋጠርነው ዕቃ፣ ደሴ ልንጎትታት ስል አውርጄው እቤት ቀርቷል። እንመለስ?»

ከፊት ለፊታቸው መንገዱ ወደ አምባሰል ተራሮች እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ሰሚሃ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«አንመለስ» አለች።